ወደ መጀመሪያው ቁልፍ

ባሌ መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ከልጃችን ከያምሮት ጋር ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። ተኳረፉ ስል ግን አይነጋገሩም ማለቴ አይደለም። ይነጋገራሉ፤ በእኔ በኩል ነው እንጂ።

ልጄ ስትደውል ስልኩ እኔ ጆሮ ላይ ነው። መሪጌታ መደባቸው ላይ ዳዊታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ደህና ነሽ ወይ በያት» ይሉኛል።

«አባትሽ ደህና ነሽ ወይ ይሉሻል።»

«ደህና ነኝ በያቸው» ትላለች። ድምጿ ከዚያ ከአሮጌ ስልኬ ወጥቶ እስከ ጓሮ ይሰማል።

«ደህና ነኝ ትላለች።»

«ሰምቻለሁ!» ይላሉ መሪጌታ ተቆጥተው፣ የጮህኩባቸው እኔ ይመስል።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ውሸት ነው። የእኛ ቤት ዝምታ ነቅዞ፣ ሳበጥረው የኖርኩት እኔ ነኝ።

መሪጌታ ቡሬ ላይ ስማቸው የታወቀ የድጓ መምህር ናቸው። ተማሪዎቻቸው አጥሩ ሥር ተኮልኩለው ዜማ ሲያጠኑ ያምሮት በርበሬ እየቀነጠሰች አብራ ታዜም ነበር። ተማሪ ሲሳሳት ከመምህሩ ቀድማ «ወጣህ!» የምትለው እሷ ናት። በእኛ ቤት «ወጣህ» ማለት ዜማውን ሳትክ፣ ከመስመር ወጣህ ማለት ነው። መሪጌታ ፊታቸውን አዙረው ይስቁና፣ ተመልሰው ደግሞ «አንቺን ማን ጠየቀሽ» ይሏታል። እንዲህ የሚዋደዱ አባትና ልጅ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ አዲስ አበባ ሐኪም ልትሆን ሄዳ፣ ዓመት ሳይሞላት «ወደ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተዛውሬያለሁ፣ ፒያኖ ነው የምማረው» ብላ ደወለች። መሪጌታ ፒያኖ ምን እንደሆነ ጠየቁ። አንዱ ተማሪያቸው በስልኩ ሥዕሉን አሳያቸው።

«ሣጥን ነው እንዴ?» አሉ። «ከዜማ ቤት ወጥታ ሣጥን ልትደበድብ? ወጣች! ከዜማውም ከቤቴም ወጣች!»

የዚያኑ ዕለት ገበያ ወርደው የሰው ጡጫ የሚያህል ጓጉንቸር ገዙና የአጥሩን በር ቁልፍ ቀየሩ። የአሮጌውን መክፈቻ ያምሮት ይዛው ነው የሄደችው።

«መሪጌታ፣ ልጅቱ አዲስ አበባ ናት። ማን እንዳይገባ ነው?» ብላቸው፣ «ነገሩ ነው» ብለው አንዱን መክፈቻ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

ልጄ ተመረቀች። ሥራዋን የት ያገኘች ይመስላችኋል? ፍኖተ ሰላም! ከቡሬ በሚኒባስ አንድ ወሬ ሳያልቅ የሚደረስበት አገር። የከተማው አዳራሽ ውስጥ አንድ ፒያኖ ብርድ ልብስ ለብሶ ኖሯል፤ እሱን ገልጣ ወጣቶች ታስተምራለች። ይሁን እንጂ እዚያው ክፍል ተከራይታ ተቀመጠች። ቤትሽ ግቢ ብላት አሻፈረኝ አለች።

«አባቴ በአፋቸው ‹ግቢ› ካላሉኝ አልገባም በያቸው» አለች።

«ሰምቻለሁ!» አሉ መሪጌታ። «እኔ ውጪ አላልኳትም። ራሷ ወጥታለች፤ ራሷ ትግባ በያት።»

ግትርነቷን ከማን እንደወረሰች አሁን ገባችሁ? እኔ ከሁለት ድንጋይ መሀል እንደ እህል ስፈጭ ከረምኩ።

ታኅሣሥ ላይ፣ ገና ሲቃረብ፣ ያምሮት ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ልትጫወት መሆኑን ነገረችኝ። ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ። አባቴ ይምጡልኝ አለች። መሪጌታ ሰምተዋል፤ እንዳልሰማ ሆነው የዳዊቱን ገጽ ገለጡ። ያን ጊዜ ነው ቁጣዬ የፈነዳው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሥራ አቆምኩ። መሪጌታ «ብርድ ነው፣ ልብስ ደርቢ በያት» ሲሉኝ፣ ያቺ የስልኳ ሴትዮ እንደምትለው ድምፄን አቅጥኜ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም» አልኳቸው። «ጉንፋኗ ለቀቃት ወይ?» ሲሉ፣ «ይቅርታ፣ የደወሉላቸውን ደንበኛ...» ሳምንቱን እንዲህ ከረምን። ሐሙስ ዕለት እጅ ሰጡ።

«እመጣለሁ» አሉ። «ግን ሕግ አለኝ። ከስህተት ላይ አልቀመጥም። ስህተት ከሰማሁ ተነሥቼ እወጣለሁ።»

«እስከ መጨረሻው ከተቀመጡስ?»

ዳዊታቸውን ዘጉ። «እስከ መጨረሻው የሚያስቀምጥ ከሆነ ገናን ቤቷ ትዋል።»

«ከወጡስ?»

«ከወጣሁ ይህን ነገር ሁለተኛ አታንሺብኝ።»

ተስማማን። ልቤ ግን ፈርቷል። መሪጌታ ቅዳሴ ላይ እንኳ ጳጳስ ሲሳሳት ጉሮሮአቸውን የሚጠርጉ ሰው ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባሱ ደጃችን ቆሞ ጡሩምባውን ይነፋል። እኔና ጎረቤቴ እትዬ ሥርጉት ገብተን ተቀምጠናል። መሪጌታ ግን የአጥሩን በር ሊዘጉ ቀርተው አልመጣ አሉ። ሾፌሩ ተነጫነጨ። በመጨረሻ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ዘይት የነካ እጃቸውን በነጭ ነጠላቸው እየጠረጉ ብቅ አሉ።

«በር መዝጋት ይህን ያህል ይፈጃል?» አልኳቸው። «ያጠብኩት ትናንት ነው እኮ!»

መንገዱን ሙሉ በመስኮት የበቆሎ ክምር ሲያዩ ሄዱ።

እትዬ ሥርጉትን ማምጣቴ ስህተት ነበር። የቡሬ አልቃሽ ናት። ለቅሶ ቤት ገብታ አንዴ ግጥም ካወረደች ሟቹን የማያውቅ መንገደኛ ሁሉ ፊቱን ይነጫል። ነጻ ጉዞ ነው ብላ ተከትላን መጣች።

አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ ያምሮት የአዳራሹን ጠባቂ አያ ያረጋልን ታነጋግራለች። አያ ያረጋል ቁልፍ የሚወድ ሰው ነው። ወገቡ ላይ የታሰረው የቁልፍ ዘለበት ሲራመድ እንደ ጸናጽል ይንሿሿል። ልጄ ስትለማመድ ሲሰማ ከርሞ፣ ድምፁ መሀል ላይ ሲለወጥበት ዕቃው ተበላሸ ብሎ ደንግጦ ኖሯል።

«አልተበላሸም አያ ያረጋል» ትለዋለች። «ሲጀመር በአንድ ቁልፍ ነው። መሀል ላይ ዜማው ሲያዝን ቁልፉ ይቀየራል። ደጋግሞም ሊቀየር ይችላል። መጨረሻ ላይ ወደ መጀመሪያው ቁልፍ ተመልሰን እንጨርሳለን። እርስዎ ብቻ በመሀል ሰው እንዳይገባና እንዳይወጣ ይጠብቁልኝ።»

«ቁልፍ ይቀየራል» አለ አያ ያረጋል በጥሞና። «ሲያዝን ይቀየራል። መጨረሻ ላይ ወደ መጀመሪያው። ገባኝ።»

ዘለበቱን እያየ ወደ ዕቃ ቤቱ ሲሮጥ አይቼዋለሁ። በልጄ ቋንቋ ‹ቁልፍ› ዜማው የሚነሣበትና የሚያርፍበት ድምፅ እንደሆነ እሱ ከየት ይወቀው? ምን ሊያደርግ ነው ብዬ አላሰብኩም። ሐሳቤ ሁሉ ልጄ ላይ ነበር። ከስታለች። አባቷ በአጠገቧ አልፈው ሲገቡ ጎንበስ አለች፤ እሳቸውም በመቋሚያቸው ጫፍ አየር ባረኩ። ያም ቢሆን ቀላል አይደለም።

«እማ፣ ጨንቆኛል» አለችኝ ጆሮዬ ሥር። «አባባ ስህተት ይመስላቸዋል። ስሚኝማ። ዜማው ቤት አለው። መጀመሪያ ቤቱን ያሳይሻል። ከዚያ ይወጣል። ሲወጣ ነው ጉዱ፤ ያዝናል፣ ይፈራል፣ መንገድ ይጠፋዋል። ሰው ትንፋሹን የሚይዘው ‹ይመለስ ይሆን?› ብሎ ነው። ከቤቱ ያልወጣ ዜማ ቢገባ ማን ይደሰትበታል?»

ይህንኑ ለመሪጌታ ልነግር ሄድኩ። ገና «ዜማው ቤት አለው...» ስል፣ «አቻምየለሽ፣ ዜማ ልታስረጂኝ ነው?» ብለው አፌን አስያዙኝ።

አዳራሹ ሞልቷል። ወጣቶች አሉ፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎች አሉ፣ ከገበያ ሲመለሱ ሰው ሲገባ አይተው የገቡም አሉ። ከፊታችን የተቀመጠው ገበሬ ለገና የገዛውን አውራ ዶሮ ታቅፏል። ያምሮት እጅ ነሥታ ተቀመጠች። ዜማውን የጻፈው ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነው ፈረንጅ ነው ከማለት በቀር አልተናገረችም። በሩ ከውጭ ቀጭ ብሎ ተቆለፈ።

ጀመረች። ግራ እጇ እንደ ጋሪ ፈረስ ሳይፈጥን ሳይዘገይ ይረግጣል። ቀኝ እጇ ከላይ ሆኖ አንድ ዜማ ያዘ፤ ቀጥ ያለ፣ ኩሩ ዜማ። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ተማሪ ሲያደምጡ እንዲህ ናቸው።

«ግዕዝ ነው» አሉ ለራሳቸው። ግዕዝ ከሦስቱ የቤተ ክርስቲያን ዜማዎች ጠንከር ያለው፣ ደረቁ ነው። ፊታቸው ላይ ክፉ ነገር አላየሁም። ዜማው ሄዶ ሄዶ ተመለሰና እንደገና ያንኑ አለ። እስካሁን ቤት ነን አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ወጣ።

እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ከፒያኖው ጥርሶች አንዲት ጥቁሯን ነካች መሰለኝ፤ አዳራሹ ውስጥ ደመና ገባ። ያው ዜማ ነው፣ ግን አሁን አንገቱን ደፍቷል። መሪጌታ አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ። «አራራይ» አሉ። አራራይ አንጀት የሚበላው ዜማ ነው። «ሳያስታውቅ፣ ያለ ምልክት?»

በዚያው ቅጽበት ከውጭ፣ ከበሩ በኩል፣ ሌላ ቁልፍ ቀጭ አለ።

ነገር ግን ቁልፉን ያዳመጠ የለም፤ እትዬ ሥርጉት ተነሥታለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ ደረቷን እየመታች አወረደችው፦

«መንገድ መንገዱን ሳይ ዓይኔ ደከመብኝ፣
የወጣችው ልጄ ወዴት ቀረችብኝ!»

«ወይኔ! ወይኔ!» አሉ ከኋላ ያሉ ሁለት ሴቶች። ባለ ዶሮው ዞሮ «ማን ሞተ?» አለኝ።

«እስካሁን ማንም» አልኩት። ሥርጉትን በቀሚሷ ጎትቼ አስቀመጥኳት። የሚገርመው ልጄ አላቋረጠችም። ይልቁንም ለግጥሙ ቦታ የለቀቀች ይመስል ለስለስ አድርጋ ጠበቀቻትና ቀጠለች። እኔም ዓይኔን ጠረግሁ። አልዋሽም፣ አለቀስኩ። ያ ሙሾ ለእኔ ነበር።

ቀጥሎ ፍጥነቱ መጣ። የጋሪው ፈረስ ማዝገሙን ትቶ ሶምሶማ ያዘ፣ ከሶምሶማ ወደ ግልቢያ ገባ። ማኅሌት ላይ እንዲሁ ነው፤ በዝማሜ ቀስ ተብሎ ይጀመርና ከበሮው ሲሞቅ ወረቡ ሽማግሌውን ሁሉ ያስዘልላል። ወደ ጎን ሳይ የመሪጌታ እግር ወለሉን ይመታል! ማየቴን አዩና እግራቸውን አቆሙ። መቋሚያው ግን አላቆመም፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

ይሄኔ ያምሮት እጇን አነሣች። ዝም።

ፒያኖው ዝም፣ ሰዉ ዝም። የመሪጌታ መቋሚያ ብቻዋን አንዴ ጠብ ብላ አፈረች። ያለቀ መሰለን። እንግዲህ ሰው የተሰበሰበበት ነገር ሲያልቅ ማን ይመርቃል? መሪጌታ እንደ ልማዳቸው ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ያሰባሰበን አምላክ በሰላም ወደየቤታችን ያስ...»

ዷ!

ያምሮት ሁለት እጇን አሳርፋዋለች። ደግሞ የት እንዳሳረፈችው! ያ ዜማ ኖሮበት ከሚያውቀው ሰፈር ሁሉ የራቀ፣ ማንም ያልጠበቀው ቦታ። አውራ ዶሮው ከባለቤቱ እጅ አመለጠና ወንበር ላይ ቆሞ ጮኸ። ከውጭ ደግሞ ቀጭ! መሪጌታ ምርቃታቸው ጉሮሮአቸው ላይ ቀርቶ ቀሉ። ከዚያ፣ ተማሪያቸው ላይ በሚጮሁበት ድምፅ፣ በዚያ በሰፊ አዳራሽ፦

«ወጣሽ!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። «ያምሮት! ወጣሽ! ወጣሽ ልጄ!»

ልጄ ራሷን ቀና አላደረገችም። ጣቶቿ እየሮጡ፣ «አውቃለሁ አባባ! እመለሳለሁ!» አለች።

አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያለ እኔ ተነጋግረዋል! በእኔ በኩል ሳያልፍ፣ «በያት» ሳይባል፣ «በያቸው» ሳይባል! በደስታ የጎኔን ሰው ይዤ ልስም ስዞር መሪጌታ አጠገቤ የሉም። መቋሚያቸውን እያንኳኩ ወደ በሩ ይሄዳሉ።

«መሪጌታ!» አልኩ።

«ስህተት ላይ አልቀመጥም ብያለሁ!»

ገናችን በዚያ በር ሊወጣ ነው። መሪጌታ በሩን ገፉት። አልተነቃነቀም። በትከሻቸው ገፉት።

«ማነው ያለው? ክፈት!»

«እኔ ነኝ የኔታ፣ ያረጋል ነኝ» የሚል ድምፅ ከውጭ መጣ። ትንፋሹ ይቆራረጣል። «አሁን አይከፈትም። ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ነን።»

«የምን ሦስተኛ?»

«ቁልፍ ይቀየራል ተብያለሁ። ሲያዝን አንድ ቀየርኩ። ያ ‹ዷ› ሲል ደግሞ... ይቆዩ! ይቆዩ የኔታ! ተቀየረ፣ አልሰሙትም?» ቀጭ አለ። እውነቱን ነው፤ ያምሮት ከዚያ ከሩቁ ሰፈር ወደ ሌላ ተሻግራ ነበር።

«ሰምቻለሁ!» አሉ መሪጌታ። ከልማድ ነው። «መቼ ነው የምትከፍተው?»

«ወደ መጀመሪያው ስንመለስ።»

«መቼ ነው የምንመለሰው?»

«እሱን ልጅዎን ይጠይቁ። እኔ በጆሮዬ ነው የምሠራው።»

እንግዲህ መሪጌታ ምን ምርጫ አላቸው? ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ቆሙና አዳመጡ። መጀመሪያ የሚያዳምጡት ለመውጣት ብለው ነበር። ልጃቸው ወደ ቤት ካልተመለሰች በሩ አይከፈትም። ቀስ በቀስ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ዓይናቸው ተጨፈነ። እጃቸው በአየር ላይ ዜማውን ተከትሎ ወጣ፣ ወረደ፣ ታጠፈ። ያ ዜማ ተሰባብሯል፤ ቁራጩ ግራ እጇ ላይ ይሰማል፣ ቁራጩ ቀኝ ላይ። የጋሪው ፈረስ ያነክሳል።

«አሁን ታጠፈች» አሉ መሪጌታ። «አሁን የወንዙን ማዶ ያዘች።» አጠገባቸው የተቀመጡት ገበሬዎች ወደ እሳቸው ዞሩ። «ቤቱ ይታያል... እየመጣች ነው... ደረሰች...»

እውነትም ያ ኩሩ ዜማ ሊመለስ አንድ እርምጃ ቀርቶት ነበር። እኔ እንኳ በዚህ በደንቆሮ ጆሮዬ ሰማሁት። አያ ያረጋል ከውጭ ዘለበቱን ሲያንሿሿ፣ የመጀመሪያውን ቁልፍ ሲፈልግ ይሰማል።

ያምሮት ደጁ ላይ ደርሳ ወደ ጎን ታጠፈች።

«አይ!» አለ አዳራሹ። «ኧረ ተው!» አለ አያ ያረጋል ከውጭ። ባለ ዶሮው ራሱን ያዘ።

«ምን ነካት? ደጃፍ ላይ ደርሳ?» አሉ መሪጌታ። እንደገና ዞረች፣ እንደገና ቀረበች። ግራ እጇ አንዲት ድምፅ ላይ ቆሞ ይመታል፣ ይመታል፤ በር እንደሚያንኳኳ ሰው። ቀኝ እጇ ከላይ ይወጣል፣ አይገባም። ሰው ሁሉ ከወንበሩ ብድግ ብሏል። እትዬ ሥርጉት ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። እኔ ደግሞ መሪጌታን ነው የማየው፤ እንደዚያ ቀን አምረው አይቻቸው አላውቅም።

ከዚያ መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ግቢ!» አሉ። «ያምሮት! ግቢ እንጂ! ግቢ ልጄ፣ በቃ ግቢ!»

ገባች።

ያ ዜማ እንደ መጀመሪያው ቀጥ ብሎ፣ ኩሩ ሆኖ፣ ከመጀመሪያው ግን ሰፍቶ መጣ። እልል ያልኩት እኔ ነኝ። በሩም ቀጭ ብሎ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ የከሰዓት ፀሐይ መሪጌታ ጀርባ ላይ ፈሰሰ። አያ ያረጋል በላብ ተጠምቆ፣ ጓጉንቸሮች በክንዱ ላይ ደርድሮ ቆሟል።

«ይውጡ የኔታ፣ ተከፍቷል» አለ።

«ዝም በል» አሉት መሪጌታ። ንቅንቅ አላሉም።

ሙዚቃው መጨረሱስ? ፈረንጁ የጎጃም ደም ሳይኖረው አይቀርም። በቃ ልሂድ ይላል፣ ደጅ ላይ ይቆማል። ደህና ዋሉ ይላል፣ ደግሞ ይመለሳል። ልጆቹን ሳሙልኝ፣ እንዲያው ሰላም በሉልኝ፣ በሉ ደህና ዋሉ፣ ደህና ዋሉ። መሪጌታ እስከ መጨረሻው «ደህና ዋሉ» ድረስ ቆመው ሰሙ።

ጭብጨባው ሲበርድ ያምሮት ተነሣች። ጎንበስ ብላ ከፒያኖው ሥር አንድ የልብስ ሻንጣ ጎትታ አወጣች። ይቺ ልጅ! ሻንጣዋን ሠርታ ነው የመጣችው። ሻንጣዋን አንጠልጥላ አባቷ ፊት ቆመች።

«አባባ፣ ግቢ ብለውኛል።»

መሪጌታ ደነገጡ። «እኔ? እኔ ለዜማው ነው ያልኩት።»

«ስሜን ጠርተው ነው ያሉኝ።»

«ሁላችንም ሰምተናል» አለ ባለ ዶሮው ዶሮውን እያሳደደ።

ወደ እኔ ዞሩ። «አቻምየለሽ፣ ለዜማው ነው ያልኩት በያት።»

«የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም» አልኳቸው። «ደግሞ እርስዎ የቅኔ ሰው አይደሉም እንዴ? ሰሙ ዜማው ነው። ወርቁ ቤቱ ነው። ከአፍ ያመለጠን ቅኔ መልሶ የዋጠ መሪጌታ አይቼ አላውቅም።»

መሪጌታ ጎንበስ ብለው መቋሚያቸውን አነሡ። ቀና ሲሉ ሻንጣዋን ከእጇ ተቀበሉ። አያ ያረጋል «ልክ ሠርቻለሁ?» እያለ ልጄን ይጠይቃታል። ጓጉንቸሮቹን ስታይ ነገሩ ገባትና እዚያው ወለል ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ድል ነሥቻለሁ፤ ሁሉን ያመቻቸሁት እኔ ነኝ ብዬ ነበር የምስቀው።

ቡሬ ስንደርስ ፀሐይ ልትገባ ነው። እትዬ ሥርጉት ወደ ቤቷ ተለየች። የአጥራችን በር ላይ ደርሰን መክፈቻዬን ከቀሚሴ ኪስ አወጣሁና ቁልፉ ውስጥ ልከት ሞከርኩ። አልገባም አለ። ገለበጥኩት። እምቢ።

«ምን ሆነ ይሄ ነገር? ጠዋት ይከፍት ነበር እኮ!»

መሪጌታ ዛፍ ላይ ያለ ወፍ ያያሉ። ዝቅ ብዬ ቁልፉን አየሁት። የሰው ጡጫ የሚያህለው ጓጉንቸር የለም። በቦታው ትንሹ፣ አሮጌው፣ ያኔ ያወለቁት ተንጠልጥሏል። በዘይት ታሽቶ ያብረቀርቃል።

የጠዋቱ ነጠላ ትዝ አለኝ። ሚኒባሱ ጡሩምባውን ሲነፋ፣ ሾፌሩ ሲነጫነጭ፣ እኔ ስነዘንዝ፣ እኚህ ሰውዬ እዚህ ቆመው... ገና ሣጥኑን ሳይሰሙ!

ያምሮትም አይታዋለች። ቦርሳዋን ከፈተች። ከዘለበቷ ላይ የክፍሏን መክፈቻ ወደ ጎን አደረገችና ያንን የቆየውን፣ ጥርሱ ያለቀውን፣ አዲስ አበባ ድረስ ይዛው የዞረችውን የአጥር ቁልፍ አወጣች። አስገባችው፤ ቀጭ።

«አዲሱ ዝጎ ነበር» አሉ መሪጌታ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

«ሰምቻለሁ አባባ» አለች ያምሮት። ድምጿ ግን እንደ አራራይ ሆኖ ነው የወጣው።

መሪጌታ በሩን በመቋሚያቸው ገፋ አደረጉላት። ሻንጣዋን ይዘው ቀድመው ገቡ፤ መንገዱን እንዳታጣው ነው መሰል። ደርሰው ሳይቀመጡ፣ «እንደው ያ ዝም ያልሽበት ቦታ» ሲሉ ሰማኋቸው፣ «ሰው ምርቃት እስኪጀምር ድረስ ዝም ይባላል እንዴ? ማን አስተማረሽ?» እሷም «እርስዎ ነዎት» አለቻቸው። ክርክሩ ቀጠለ፤ ዛሬ ራት ቀርቦ እንደሚቀዘቅዝ ገባኝ። እኔን «በያት» ያለኝ የለም፣ «በያቸው» ያለኝም የለም። የማይከፍተውን መክፈቻዬን ይዤ ደጅ ላይ ጥቂት ቆየሁና፣ ዓይኔን በነጠላዬ ጠርጌ እኔም ገባሁ።